ቦሌም ከመቀየሩ በፊት መሪው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ይታወቅ

ከወገኖቻችን መካከል በቫን ሠርቶ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ብዙ ነው፤ ዕቃ የሚያደርስ፣ የእድሳት መሣሪያ የሚጭን፣ ሠራተኛ የሚያመላልስ። ቫኑ አርጅቶ መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሙሳኽ ይገባል። እዚያም አንዳንዴ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ቦሌም ሂጉይ እንቀይርለት»።

በእኔ አስተያየት ይህ መልስ ብቻውን አይበቃም። ቦሌም ሂጉይ በአንዳንድ መኪኖች፣ ለምሳሌ በድሮዎቹ የቮልስዋገን ቫኖች፣ ከመሪው ዘንግ ጋር የተያያዘ፣ ዘይት ያለበት ሲሊንደር ነው። ሥራው ከመንገድ የሚመጣውን ምት ማብረድ እንጂ የላላውን ማጥበቅ አይደለም። የመሪው ታፑአኽ ካለቀ ወይም ጎማው ሚዛኑን ካጣ፣ አዲስ ቦሌም ንቅናቄውን ለጊዜው ይሸፍነዋል። ከሥር ያለው ግን እየላላ ይሄዳል፤ በፈጣን መንገድ ላይ ቢለቅ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም።

«ለምርመራ ጊዜ የለኝም፤ አንድ ቀን ከቆምኩ ደመወዜ ይቀራል» የሚል አለ። እውነት ነው። ነገር ግን ለአንድ ብልሽት ሁለት ጊዜ ከመክፈልና ሁለት ቀን ከመቆም፣ ቫኑ ተነሥቶ ታፑአኹ፣ ጎማውና የጎማው ኩሽኔታ አንድ ጊዜ ቢታዩ ይሻላል። ቦሌሙ ራሱ ዘይት ካፈሰሰ፣ ወይም ተፈትቶ በእጅ ሲገፋና ሲሳብ ምንም ካልከበደ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ይቀየር።

ሲመረጥም በመኪናው ሞዴል ስም ብቻ ሳይሆን በሻሲ ቁጥር ይፈለግ። ሲታጠፍና ሲዘረጋ ያለው ርዝመትና የማሰሪያው ዓይነት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር፤ ርዝመቱ ካልገጠመ መሪው እስከ መጨረሻው ላይዞር ይችላል። የመጀመሪያው በዘይት ብቻ የሚሠራ ከነበረ፣ ጋዝ ያለበትን ባትገዙ ይመረጣል፤ ጋዙ ዘንጉን ስለሚገፋ መሪውን ወደ አንድ ጎን ሊስበው ይችላል። «ጠንካራ ነው» ተብሎ የሚሸጠውም መሪውን ሊያከብድ ይችላል። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ግን ጎማውና የዘይት መያዣው አስቀድሞ ስላረጀ ርካሽነቱ አያታላችሁ። የታወቀ ፋብሪካ የሠራው ተተኪ ዕቃ ከሆነ፣ የግድ የመኪናው ኩባንያ ስም ያለበትን መግዛት አያስፈልግም።

ሥራው ሳይጀመር ዋጋው በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ የዕቃው ዓይነት በኸሽቦኒቱ ላይ ይጻፍ፤ የተፈታውም አሮጌ ዕቃ ይታያችሁ። «ምን ቀየርክ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ቀየርክ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የከፋይ መብት ነው።