ሰሙን ያላየ ወርቁን አያገኝም

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ዘመን የሥነ ጥበብ ትርኢት ወደሚታይበት አዳራሽ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ሆኖ ይወጣል። አንደኛው ፌዘኛው ነው፤ የተሰነጠቀ ወለል ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ ሸራ አይቶ «ይህንማ ሕፃንም ይሠራዋል» ብሎ ፊቱን ይመልሳል። ሁለተኛው አድናቂው ነው፤ ያየውን ሳይረዳ ራሱን እየነቀነቀ «ጥልቅ ነው» ይላል፤ በማሕሌት ቆሞ ቅኔው ሳይገባው ከጎረቤቱ ቀድሞ «ይበል!» የሚለውን ሰው ይመስላል። ሦስተኛው ሰነፉ ነው፤ «ለእኔ የመሰለኝ ለእኔ ትርጓሜው ነው፤ ለአንተም የመሰለህ ለአንተ» ብሎ ጥያቄውን ሳይጀምረው ይዘጋዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም እቃወማለሁ። በአፍ ይለያዩ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉና፤ ከሦስቱ ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

ነገሬ እንዲያው በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ሥራ ላንሣ፤ ዓመታቱንም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ። ዶሪስ ሳልሴዶ የተባለች የኮሎምቢያ ተወላጅ በ2007 በለንደን ከተማ ቴት ሞደርን በሚባለው ቤተ መዘክር የታላቁን አዳራሽ ወለል ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀችው። የስንጥቁ ርዝመት 167 ሜትር ነበረ፤ ሲጀምር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፥ እየሄደም ይሰፋል፥ ይጠልቃል፥ ይቈላመማል። በግድግዳ የተሰቀለ ሥዕል፥ በመቆሚያ የተቀመጠ ሐውልት ምንም አልነበረም። የሥራውም ስም «ሺቦሌት» ተባለ። ብዙ ሰው የጠየቀው «እንዴት ተሠራ?» እያለ ነበር፤ እርስዋ ግን አሠራሩን አልገለጸችም። አንዳንዱም ሳያስተውል ሲራመድ ተሰናክሎ ወደቀ።

እንግዲህ አንድ የቅኔ ተማሪ ወደዚያ አዳራሽ ቢገባ ምን ማድረግ ይገባው ነበር? በቅኔ ቤት መምህራችን አስቀድመው ያስተማሩን ይህን ነው፤ ወርቁን ለመያዝ አትቸኵል፥ መጀመሪያ ሰሙን እይ። ባለቤቱ ማን ነው? ተሳቢው ምንድር ነው? ማሠሪያ አንቀጹስ የት ነው? ይህን ሳይመልስ «ምስጢሩን አገኘሁት» የሚል ተማሪ ቢነሣ ይታረማል እንጂ አይመሰገንም።

በዚሁ ሥርዓት ስንጥቁን እንመርምረው። አንድም የምድር መንቀጥቀጥ ምሳሌ ነው እንበል። አንድም የቤቱ እርጅና ነው እንበል፤ ሕንፃው ቀድሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነበርና ይህም ያስኬዳል። ነገር ግን ጎንበስ ብሎ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ያየ ሰው፥ በሲሚንቶው ግድግዳ ላይ የሽቦ አጥር ተቀብሮ ያገኛል። የምድር መንቀጥቀጥ አጥር አያጥርም፤ እርጅናም ሽቦ አይዘረጋም። አጥር የሚያጥር ሰው ነው፤ የሚያጥረውም «አንተ ከወዲያ፥ እኔ ከወዲህ» ለማለት ነው። እንዲህ ሁለቱ ትርጓሜዎች ወደቁ፥ ሦስተኛው ቆመ። የጣላቸውም የሊቅ ሥልጣን አይደለም፤ ጎንበስ ላለ ሰው ሁሉ የሚታይ ሽቦ ነው።

ቀጥለን ስሙን እንመርምር። መጽሐፈ መሳፍንትን ለሚያውቅ ካህን ይህን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ዳሩ ግን ለሌላው አንባቢ ስል እናገራለሁ። የገለዓድ ሰዎች ኤፍሬምን ድል ካደረጉ በኋላ የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ፤ ሸሽቶ ሊሻገር የመጣውንም ሁሉ «ሺቦሌት» እንዲል ያዙት ነበር። «ሺ» ማለት ተስኖት «ሲ» ያለው ኤፍሬማዊ መሆኑ ታውቆ በዚያው ይታረዳል፤ በዚያም ጊዜ ከኤፍሬም የሞቱት 42,000 ነበሩ። የግእዝ ፊደልም «ሸ» የለውም፤ «ሸ»ን ኋላ የጨመረ አማርኛ ነው። ስለዚህ ግእዝ ብቻ የሚናገሩ አባቶቻችን በዚያ መሻገሪያ ደርሰው ቢሆን ኖሮ ከኤፍሬም ጋራ በተቈጠሩ ነበር። ይህን ሳስብ፥ የለንደኑ ስንጥቅ ወደ እኔ ደጅ ደረሰ።

ሳልሴዶም ሥራዋ ስለ ድንበር፥ ስለ ስደተኛ ኑሮና ሰውን በዘር ስለ መለየት መሆኑን ተናግራለች። እርስዋ ባትናገረው እንኳ ሽቦውን ያየ፥ ስሙን የጠየቀ፥ ይህም በባለጸጋ አገር ታላቅ ቤት ወለል ላይ መደረጉን ያስተዋለ ሰው ወደዚያው በደረሰ ነበር። ትርኢቱም በ2008 ሲያበቃ ስንጥቁ ተደፈነ፤ ጠባሳው ግን በወለሉ ላይ ቀረ። የተዘጋ ድንበርም እንዲሁ ነው።

«አንድምታ ብዙ ትርጓሜ ይፈቅድ የለምን?» ብሎ ሰነፉ ይሞግተኝ ይሆናል። አዎን፥ ይፈቅዳል፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ «አንድም» ታሪክ ወይም ምሳሌ ወይም የቃል ምስክር ይዞ ይቆማል እንጂ፥ ለተናጋሪው ደስ ስላለው ብቻ አይቆምም። ብዙ ትርጓሜ መኖሩ፥ ሁሉ ትርጓሜ ነው ማለት አይደለም።

ለፌዘኛው ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። በ1915 ካዚሚር ማሌቪች በፔትሮግራድ በተደረገ ትርኢት ላይ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን አሳየ፤ የሰቀለውም በክፍሉ ላይኛ ማዕዘን፥ የሩሲያ ክርስቲያን በቤቱ ቅዱስ ሥዕል በሚያኖርበት ስፍራ ነበር። ቀለሙን ብቻ አይቶ የሣቀ ሰው ምን እንደ ተባለ እንኳ አልሰማም። የማዕዘኑን ልማድ የሚያውቅ ግን፥ ይህ ጥቁር ነገር የቅዱሱን ሥዕል ቦታ እንደ ያዘ ወዲያው ይረዳል። ከተረዳም በኋላ ሊቃወመው ይችላል፤ እኔም እቃወመዋለሁ፤ ፊት የሌለው ነገር ፊት ለፊት የሚጸለይበትን ስፍራ አይሞላውምና። መረዳት መቀበል አይደለም። ያልተረዳ ሰው ግን መቀበልም መንቀፍም አይችልም፤ ሣቁም ክርክር አይባልም። ወርቅ የሌለው፥ ሰም ብቻ የሆነ ሥራ መኖሩን አልክድም። ሰሙን አቅልጦ ወርቅ ያጣ ሰው «ባዶ ነው» ቢለኝ እሰማዋለሁ፤ ሳያቀልጥ የፈረደውን ግን አልሰማውም።

አድናቂውንና ትርኢት አዘጋጆችንም ዝም ብዬ አላልፍም። በሥራው አጠገብ ማንም የማይገባውን ጽሑፍ ለጥፈው፥ ያልገባው ተመልካች አፍሮ እንዲወጣ የሚያደርጉ አሉ። እነርሱም «ሺቦሌት በል» የሚሉ ዘበኞች ናቸው። ነገር ግን እነርሱን ስነቅፍ ጣቴ ወደ ራሴ ይመለሳል። አንድ በዓል ላይ ቅኔ ከተቀኘሁ በኋላ አንድ ወጣት ቀርቦ ምስጢሩን ቢጠይቀኝ፥ «ግእዝ ሳትማር ቅኔ ምን አገባህ?» ብዬ መለስሁት። ዳግመኛ አልጠየቀኝም፤ በዚያ ደብርም አላየሁት። በዚያ ቀን በመሻገሪያው ላይ የቆምሁ ዘበኛ እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ወደ ትርኢት የምትገቡ ወንድሞችና እኅቶች፤ አስቀድማችሁ ከምን እንደ ተሠራ፥ የት እንደ ቆመ፥ ምን ተብሎ እንደ ተጠራ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ውደዱት ወይም ንቀፉት። እናንተም የምታሳዩ፥ እኛም የምናስተምር፤ የሚጠይቅ ሲመጣ አንደበቱን አንፈትን፤ አብረነው ጎንበስ ብለን ሽቦውን እናሳየው።