ስኳሩ ቀድሞ ደረሰ

«ዶክተር፣ ይነቀል ወይስ ይሞላ?» «እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል የሚባለው እውነት ነው?» «የላይኛው ሲነቀል ዓይን አይጎዳም?» «የልጅ ጥርስ መውደቁ አይቀርም፤ ምን ያሳክመዋል?» የጥርስ ሐኪም ፊት ስንቀርብ የምንጠይቀው ይህንን ነው፤ እናቶቻችንም ይህንኑ ሲጠይቁ ኖረዋል። በጥያቄዎቹ የምናፍርበት ምክንያት የለም። የሚያሳዝነው ሰዓታቸው ነው። የምንጠይቀው ጉንጭ አብጦ፣ እንቅልፍ ጠፍቶ፣ ቅርንፉዱም ነጭ ሽንኩርቱም ተሞክሮ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛው አሞክሳሲሊን ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ መልስ አያጣም፤ ጥርሱ ግን ጊዜው አልፎበታል።

ይህን ሰዓት ማስቀደም የማን ዕዳ ነው? የእኛ ነው። የአያቶቻችንን ጥርስ አይተን ያደግን፣ የልጆቻችንን ጥርስ ገና የምናሳድግ፣ በሁለቱ መካከል የቆምን ወጣቶች ዕዳ ነው።

አያቶቻችን አፋቸውን በመፋቂያ ያጸዱ ነበር። ከወይራ ወይም ከክትክታ የተቆረጠች እንጨት ጠዋት ጠዋት ከአፋቸው አትጠፋም። ስኳር ግን ብርቅ ነበር። እውነቱን እንናገር ካልን ጥርሳቸውን የጠበቀላቸው መፋቂያው ብቻ አልነበረም፤ የጣፋጭ እጦትም ነበር። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ወንጂ ላይ የተከለው ፋብሪካ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰው ዕድሜ ስኳር ከብርቅነት ወደ ዕለት ቀለብነት ተሻገረ። ሻያችን በማንኪያ ላይ ማንኪያ፣ ምሳችን በለስላሳ፣ የጫት ቆይታችን በለስላሳና በጣፋጭ ሻይ ሆነ። ባለሱቁ ዝርዝር ሲያጣ መልሳችንን በማስቲካና በከረሜላ ይሰጠናል። ልጅ ሲያለቅስ በከረሜላ ይባበላል፤ ሲጎብዝም በከረሜላ ይሸለማል። ስኳሩ ገጠር ገባ፤ ብሩሹ ከተማ ቀረ። ስኳሩ በየኪዮስኩ ተደረደረ፤ ሐኪሙ በትልልቅ ከተሞች ተወሰነ። ይህ ክፍተት በአባቶቻችን ዘመን ተከፈተ፤ በእኛ ዘመን ሰፋ፤ በእኛው ዘመን ካልተዘጋ ለልጆቻችን የምናወርሰው ጉድጓድ ነው።

ጥርስን የሚበላ ትል የለም። ጥርስ ላይ በስሱ በሚለጠፈው ቆሻሻ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርሱን ያሟሟዋል። ምራቃችን ጉዳቱን ለመጠገን ፋታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ክፋቱ በስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በመደጋገሙ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከምሳ ጋር ጠጥቶ ከመጨረስ ይልቅ ያንኑ ጠርሙስ ከሰዓቱን ሙሉ ሲጎነጩ መዋል ይብሳል። ይህች አንዲት ዕውቀት ገንዘብ አትጠይቅም፤ የሚነግር ሰው ብቻ ትፈልጋለች።

ወንጂ ሌላም ነገር ታስተምረናለች። ሸንኮራ ሊቆርጡ ከየአቅጣጫው የመጡ ሠራተኞች ከስምጥ ሸለቆው ጉድጓድ የወጣ ውሃ ጠጡ። ውሃው ለዓይን የጠራ ነበር፤ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ካደረገው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እዚያ የተወለዱ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ በቀለ፤ ውሃውን ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሰዎች ደግሞ አጥንታቸው ደንድኖ አንገታቸውና ጀርባቸው አልታጠፍ አለ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ዛሬም የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ «ቡናማው በብሩሽ ይለቃል?» አይለቅም። ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ፣ ገና ሲሠራ የገባ ቀለም ነው። «ታዲያ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ለምን ይሰጠናል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በውሃ ውስጥ በዝቶ የሚበቅለውን ጥርስ የሚያበላሸው ያው ፍሎራይድ፣ በትንሽ መጠን ከላይ ሲቀባ የበቀለውን ጥርስ ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የመጠን ነው። ለሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት ዓመት በላይ ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች፤ ከተቦረሸ በኋላም አረፋው ይተፋል እንጂ በውሃ አይጉመጠመጥም። ለስምጥ ሸለቆ ልጅ ግን ከብሩሹ በፊት ንጹሕ ውሃ ያስፈልገዋል። እዚያ የጥርስ ሐኪም መሆን ማለት የውሃ መሐንዲስ መሆንም ማለት ነው።

ስለ ግግ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየውን እብጠት ተመልክተው «ግግ ነው» የሚሉ፣ ባልጸዳ ስለት ሰንጥቀው የሚያወጡ ሰዎች ዛሬም አሉ። ወጥቶ ለእናት የሚታየው ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ያልተወለደ ጥርስ ነው። ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ በኋላ የሚተካው ቋሚ ጥርስም ተጣሞ ሊበቅል፣ ጭራሽ ሳይበቅልም ሊቀር ይችላል። ያስቀመጠው ሕፃን የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነበር። ይህን ያደረጉት እናቶች ልጃቸውን የሚጠሉ አልነበሩም፤ በሚያውቁት መንገድ ሊያድኑት የሮጡ ናቸው። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር የምንነጋገረው በወቀሳ ሳይሆን በልጅነት፣ እጃቸውን ይዘን ይሁን።

የወተት ጥርስም መውደቁ አይቀርም ተብሎ አይናቅም። ለሚተካው ጥርስ ቦታ የሚጠብቅ እርሱ ነው። ደግሞም ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ፤ በስድስት ዓመት ገደማ ከሁሉም ኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወድቅላት ሹልክ ብላ የምትበቅል መንጋጋ አለች። የወተት ጥርስ መስላን ችላ እንላታለን፤ እርሷ ግን የዕድሜ ልክ ናት። የወለቀውን ጥርስ ጣሪያ ላይ ስንወረውር እንስቃለን፤ ያቺን መንጋጋ ግን የሚያያት የለም።

የቀሩትን ጥያቄዎች ቶሎ እንመልሳቸው። እጥበት ጥርስ አያነቃንቅም፤ ድድን ወደ ኋላ እያሸሸ ጥርሱን ያላላው ጥርስ ላይ የደነደነው ድንጋይ ነው፤ እርሱ ሲነሳ የተደበቀው ጉዳት ይታያል። የላይ ጥርስ ስለተነቀለ ዓይን አይጠፋም። ፅንስ የእናቱን ጥርስ አይበላም፤ የነፍሰ ጡር ድድ የሚያብጠው በሆርሞን ለውጥ ነው፤ ሕክምናውም በእርግዝና ጊዜ አይከለከልም። መፋቂያን አንጥለውም፤ ነገር ግን ድድን ሳያቆስል በቀስታ ይፋቅበት፤ ማታ ከመተኛት በፊትም ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይጨመርበት። አሞክሳሲሊን የተቦረቦረ ጥርስ አይደፍንም፤ ሕመሙን ጋብ ቢያደርገውም ምንጩ እዚያው ይቀመጣል። ከጥርስ የተነሣ መግል ደግሞ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። አዎ፣ ጥርስ ሰው ይገድላል።

በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን ሕዝብ የአፍ በሽታ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ እኛ ብቻችንን አይደለንም። ግን ሸክሙ እኩል አይደለም። ከአሜሪካ ለእረፍት የሚመጣው ዘመዳችን የዚያ አገር ዋጋ ስለማይቀመስ አዲስ አበባ ላይ ጥርሱን አሠርቶ ይመለሳል። እሰየው ነው። ከዚያው ከተማ ጥቂት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖር እናት ግን ጉንጯን በነጠላ አስራ ገበያ ትውላለች። በዚህ ልዩነት ላይ ዝም ማለት አንችልም።

ወንድሞች፣ እኅቶች፣ አይሆንም አንበል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የእኛ ዕድሜ የነበሩ ወጣቶች የፊደል ገበታ ተሸክመው ወጡ፤ በስተርጅና አባቶች ስማቸውን ጻፉ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኛ እኅቶቻችን በየቀበሌው በእግራቸው ዞሩ፤ ክትባቱም መጸዳጃ ቤቱም የመንደሩ ወግ ሆነ። ያ ትውልድ ፊደል አደረሰ፤ እኒያ እኅቶች ክትባት አደረሱ፤ እኛስ ምን አደረስን ተብለን ስንጠየቅ መልስ ይኑረን።

የሕክምና ተማሪ የሆንን፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥተን ወደ ወረዳ ትምህርት ቤቶች እንውረድ። መምህር የሆንን፣ የአፍ ንጽሕናን በሰልፍ ሰዓት እናስተምር። መድኃኒት ቤት የምንሠራ፣ ጥርሱን ይዞ ለሚመጣ ሰው እንክብል ቆጥረን ከመስጠት በፊት ወደ ሐኪም እንምራው። ሱቅ ያለን፣ ለልጅ መልስ በከረሜላ አንስጥ። ባሕር ማዶ የምንኖር፣ ለአገር ቤት ከምንልከው ሻንጣ ውስጥ ቸኮሌቱን ቀንሰን ብሩሽ እንጨምርበት። ሥልጣን ያለን፣ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ጥርስ የሚነቅል ብቻ ሳይሆን ጥርስ የሚያድን ባለሙያ እንዲኖረው እንወስን፤ ለስምጥ ሸለቆ መንደር ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውሃ ይድረስ። ወላጅ የሆንን፣ ልጃችን ሳያመው ሐኪም ፊት ይቅረብ፤ ወንበሩን ከሕመም ጋር ሳይሆን ከሰላምታ ጋር ይወቀው። መስከረም ሲጠባ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ ሁሉ ከደብተሩ ጋር ብሩሹን ይዞ ይግባ፤ ያላቸው ለሌላቸው ይግዙ፤ የሚያውቁ ለማያውቁ ያሳዩ፤ የዘንድሮው መስከረም ሳያልፈን በየሰፈራችን እንጀምር።