ስም መለየት ሥራ ፈትነት ነውን?

በየዓመቱ ወቅት ሲለዋወጥ በግቢያችን ዛፎች ላይ ከቅጠል ቅጠል እየዘለሉ ትንኝና ትል የሚለቅሙ፣ ክብደታቸው 10 ግራም ያህል የሆነ አረንጓዴማ ወፎች ያልፋሉ። ሳይንስ ወገናቸውን ፊሎስኮፐስ ይለዋል። በቅርቡ ስለ አመዳደባቸው ሳወራ አንድ ወንድማችን «አገራችን ስንት ችግር እያለባት የወፍ ስም መለዋወጥ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው» አለኝ። እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ ስላልሆነ መልሴን በዚህ መጽሔት ላቀርብ ወደድሁ።

እንግሊዛዊው ቄስ ጊልበርት ዋይት እ.ኤ.አ. በ1768 በጻፈው ደብዳቤ፣ የአገሩ ሰው በአንድ ስም ይጠራቸው የነበሩት ወፎች ሦስት ልዩ ልዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ገለጸ። ላባቸው እጅግ ስለሚመሳሰል ዋነኛ መለያው ዜማቸው ነበር። ልዩነቱም ከንቱ አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ሰሐራን ተሻግሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። ክንፉ አጠር ያለው ሌላው ግን በብዛት በሜድትራንያን ዙሪያ ይከርማል፤ ከፊሉም እስከ እኛ ደጋ ይወርዳል። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ «ቁጥራቸው ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ምን ትርጉም ይኖረዋል?

ሕክምና የምናጠና ሰዎች ይህን ለመረዳት ባልተቸገርን። ታይፈስና ታይፎይድ ለብዙ ዘመን እንደ አንድ በሽታ ይቆጠሩ ነበር። ገርሃርድ በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1837 ልዩነታቸውን አሳየ። አንዱን ቅማል፣ ሌላውን የተበከለ ውሃና ምግብ የሚያስተላልፈው መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ልብስ መቀቀልና ውሃ ማፍላት የየራሳቸው ቦታ አገኙ። (አገር ቤት ሁለቱን እንደ መንትያ አጣምሮ መጥራት እስከ ዛሬ አለመቅረቱ ይገርመኛል።)

ወደ ወፎቹ ልመለስ። ፊሎስኮፐስ የተባለውን ወገን የሰየመው ጀርመናዊው ቦዬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1826። ቀለማቸው ደመቅ ያሉ የእስያ ደን ወፎች ግን ሴይሰርከስ ተብለው ለብቻ ተመደቡ። ዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር እነዚህ በአንድ ስፍራ ሳይሆን በፊሎስኮፐስ መካከል ተበታትነው ተገኙ። ቀለም አሳስቶ ኖሯል! ከዚያ በኋላ ምርጫው ወይ ፊሎስኮፐስን ወደ ብዙ ትናንሽ ወገኖች መሰባበር፣ ወይ ሁሉንም መጠቅለል ነበር። ስዊድናዊው አልስትሮምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 መጠቅለልን መረጡ፤ ዛሬ ወገኑ 80 ያህል ዝርያዎች አሉት። አንዳንዶች ይህ በዛ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ግን መሰባበሩ ኑሯቸውና መልካቸው ይህን ያህል የተቀራረበውን ወፎች ለስፔሻሊስት ብቻ በሚገቡ ስሞች ያለያያቸው ነበር።

ከ80ዎቹ አንዱ ስደተኛ አይደለም። ጀርባው ቡናማ፣ የክንፉ ጠርዝ አረንጓዴ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ በደጋ ደኖቻችን ይኖራል። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1840 የላቲን ስም አወጣለት። በአገራችን ቋንቋዎች ምን እንደሚባል ግን የጠየቅኋቸው ሁሉ «ወፍ ነዋ!» ብለውኛል። በክረምት አገር የምትገቡ ወገኖች እረኞችንና ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ዜማውንም በስልካችሁ ቅዱ። ያገኛችሁትን ስም ከነቀበሌው ለዝግጅት ክፍሉ ብትልኩ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።