የሁለት ዓመቱ ወንበር

በብሪታንያና በአየርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ ምሁራን በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ግድም ለሦስት ቀን ይሰባሰባሉ። ፈተናው ታርሟል፣ ተማሪው ተበትኗል፤ የጥናት ወረቀት ለማንበብም ሆነ የሙያ ወሬ ለመለዋወጥ ከዚህ የሚሻል ጊዜ የለም። ጠሪው «የፈረንሳይ ጥናት ማኅበር» ነው። በጉባኤው መሀል፣ ከንግግር ንግግር በተረፈች ሰዓት፣ የአባላቱ ጠቅላላ ስብሰባ ይካሄዳል፤ ሒሳብ ይነበባል፣ ኮሚቴ ይሟላል፣ ዘመኑ የሞላ ፕሬዝዳንትም ሁለት ዓመት የተቀመጠበትን ወንበር ለተተኪው ያስረክባል። ይመሰገናል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቡናው።

የሥልጣን ርክክብ ሲባል ልቡ ድንግጥ ለሚል አንባቢ ይህ የሚያስቀና ነው። እኔንም ያስቀናኛል። ወንበሩን የሙጥኝ የሚል የለም፤ ቢኖርም ወንበሩ ራሱ ብዙ የሚያቆይ አይደለም። ይህ ቅለት ማኅበሩን ለረጅም ዘመን ጠቅሞታል። አሁን ግን እየጎዳው ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱም የሁለት ዓመቱ ወንበር ሲበጅ የታሰበው ለክብር ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቀው ደግሞ ክርክር ነው። ክርክሩም በሁለት ዓመት አያልቅም።

ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሁለተኛ ዓመቱን መያዙ ነበር፤ ብሪታንያ ውስጥ ዳቦ በራሽን ይታደል ነበር። ያም ሆኖ ምሁራኑ ማኅበር ብቻ ሳይሆን መጽሔትም አቋቋሙ። «ፍሬንች ስተዲስ» የተባለው ይህ መጽሔት በዚያው ዓመት ወጥቶ እስከ ዛሬ በዓመት አራት ጊዜ ይታተማል፤ አሳታሚው አሁን ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። የመጀመሪያው ዋና አዘጋጅ ከካናዳ የመጡት የኦክስፎርዱ የሮማንስ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር አልፍሬድ ኢወርት ነበሩ።

የማኅበሩን ትክክለኛ አከርካሪ ለማየት ከፕሬዝዳንቶቹ ዝርዝር ይልቅ የአዘጋጆቹን ዝርዝር ማየት ይሻላል። የሜልበርን ተወላጅ የሆኑትና በባለቅኔዎቹ በማላርሜና በቫሌሪ ጥናታቸው የሚታወቁት የካምብሪጁ ሎይድ ኦስቲን መጽሔቱን ከ1967 እስከ 1980 መሩ። ከእሳቸው የተረከቡት ማልኮም ቦዊ እስከ 1987 ቆዩ። ሃያ ዓመት፣ ሁለት ሰው። በሁለት ዓመቱ ደንብ ቢሰላ አሥር ፕሬዝዳንት የሚፈራረቅበት ዘመን ነው። የትኛው ጽሑፍ እንደሚታተም፣ የትኛው ወጣት ተመራማሪ ስሙ እንደሚታወቅ፣ ስለ ሥነ ልቡና ተንታኙ ላካን ወይም ስለ ሴቶች ጸሐፍት መጻፍ «ቁም ነገር» መሆን የሚጀምረው መቼ እንደሆነ የሚወሰነው በአዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የእድር ዳኛ ቢቀያየርም የእድሩን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ጸሐፊ ነው፤ እዚህም እንዲሁ ነው።

ቦዊ ራሳቸው ኋላ ላይ፣ ከ1994 እስከ 1996፣ ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ኦክስፎርድ በሚገኘው በማርሻል ፎሽ ስም በተሰየመው የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ስለ ልብ ወለድ ደራሲው ፕሩስት የጻፉት መጽሐፍ የተሸለመላቸው፣ በኋላም የካምብሪጅ ክራይስትስ ኮሌጅ ኃላፊ የሆኑ ሰው ናቸው። (ለዚያ ለኦክስፎርዱ ወንበር ገንዘቡን የሰጠው የጦር መሣሪያ ነጋዴው ባሲል ዛሃሮፍ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ከመድፍ ሽያጭ የተገኘ ብር ስንት የግጥም መምህር አኖረ!) በ2007 ካረፉ በኋላ ማኅበሩ ለወጣት ተመራማሪዎች ምርጥ ጽሑፍ የሚሰጠውን ሽልማት በስማቸው ሰየመ። ፕሬዝዳንትነታቸው ግን በታሪካቸው ውስጥ አንዲት መስመር ናት። ይህን የምለው ወንበሩን ለማቃለል አይደለም፤ እንዲህ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ሥራው በእጆች ሁሉ ተከፋፍሏል፤ አንዱ መጽሔቱን፣ አንዱ ገንዘቡን፣ አንዱ ጉባኤውን ይይዛል፤ ፕሬዝዳንቱ ከሁሉም በላይ ተቀምጦ ስብሰባ ይመራል። ማኅበሩን አንድ ሰው ሊጠቀልለው ያልቻለውም በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው የጥንካሬ ምንጭ ጉባኤው አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። እዚህ ላይ ከፈረንሳዮቹ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1949 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፈረንሳይ ጥናት ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን በሐምሌ የሚያካሂደው ፓሪስ ላይ ነው። ከየትም አገር ይምጣ፣ ምሁሩ ወደ መዲናይቱ ይጓዛል። ከማዕከል ጋር መሟገት ለማይሻ ባህል የሚስማማ አሠራር ነው። የብሪታንያና የአየርላንዱ ማኅበር ግን ተዘዋዋሪ ነው፤ በ2014 አበርዲን፣ በ2015 ካርዲፍ፣ በ2016 ግላስጎው፣ በ2017 ደርሃም፣ በ2018 ኮርክ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስኮትላንድ ሁለት ጊዜ፣ ዌልስ አንዴ፣ አየርላንድ አንዴ፣ እንግሊዝ አንዴ ብቻ። አነስ ያለ የፈረንሳይኛ ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ እንግዳ ሲቀበል ክፍሉ በራሱ አስተዳዳሪዎች ዘንድ ይታያል፤ ዲኑ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ያደርጋል፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ስማቸውን በመጽሐፍ ጀርባ ብቻ የሚያውቋቸውን ሰዎች ምሳ ሰልፍ ላይ ያገኟቸዋል። ይህን ጥቅም በገንዘብ መተመን ያስቸግራል።

የግላስጎው ስብሰባ የተካሄደው ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በድምፅ በወሰነች በቀናት ውስጥ ነበር። በፈረንሳይኛ ክፍሎች ከሚያስተምሩት መካከል ብዙዎቹ የኅብረቱ አገሮች ዜጎች ናቸው፤ ተማሪዎቹም ከአራት ዓመት ትምህርታቸው አንዱን ውጭ አገር የሚያሳልፉት ባመዛኙ በኅብረቱ የልውውጥ መርሐ ግብር፣ በኢራስመስ፣ ነበር። አገሪቱ በ2020 መጨረሻ ከኢራስመስ ወጣች። ስለ ጥንቱ ደራሲ ስለ ሞንቴኝ ወረቀት ለማንበብ የመጣ ሰው የሚያስተምርበት አገር የፖለቲካ ነገር በአንድ ሌሊት የሙያው ነገር ሆኖበት አደረ።

የአስተናጋጆቹን ዝርዝር ግን ሌላም ነገር አስቦ ያነብበዋል የዛሬ ሰው። አበርዲን በ1495 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጉባኤውን ካስተናገደ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ የቋንቋ ዲግሪዎቹን የመዝጋት ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቋንቋን ብቻ የሚያጠና ተማሪ መቀበል እንዲቆም፣ ከሌላ ትምህርት ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው ግን እንዲቀጥል ተወሰነ። ካርዲፍ በጥር 2025 አራት መቶ ያህል የሥራ መደቦችን የሚቀንስ ዕቅድ ይፋ ሲያደርግ እንዲዘጉ ከታሰቡት መካከል የዘመናዊ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ነበረበት። ከብዙ ተቃውሞ በኋላ ሐሳቡ ተለሳልሶ ቋንቋዎቹ ከሌሎች የሰብአዊ ጥናት ዘርፎች ጋር ተዋህደው፣ አንሰው፣ እንዲተርፉ ሆነ። በተከታታይ ሁለት ዓመት ጉባኤውን ያስተናገዱ ሁለት ክፍሎች፣ ሁለቱም ገደል አፋፍ ላይ ደርሰው ተመለሱ፤ ሙሉ ለሙሉም አልተመለሱ። ሀል የተባለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ ለቋንቋ ዲግሪ አዲስ ተማሪ መቀበሉን ማቆሙን አስታውቋል።

የችግሩ ሥር ያለው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። በእንግሊዝ ከ14 ዓመት ዕድሜ በላይ የውጭ ቋንቋ መማር ግዴታ መሆኑ በ2004 ቀረ። በዚያን ጊዜ በ16 ዓመታቸው የፈረንሳይኛ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች ሦስት መቶ ሺህ ያህል ነበሩ፤ አሁን ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሆነው በኤ ሌቭል ፈተና ስፓኒሽ በ2019 ፈረንሳይኛን አለፈው። ነገሩ ምፀት አለበት፤ ዓለም አቀፉ የፍራንኮፎኒ ድርጅት በ2022 ባወጣው ቁጥር መሠረት የፈረንሳይኛ ተናጋሪ 321 ሚሊዮን ደርሷል፤ ቋንቋውን በየዕለቱ ከሚናገሩት የሚበዙትም አፍሪካውያን ናቸው። የጉባኤው መርሐ ግብርም ይህን ተከትሎ ሰፍቷል፤ ከጸሐፌ ተውኔቱ ራሲን አጠገብ አልጀርስ፣ ከፕሩስት አጠገብ ዳካርና ፖርቶፕረንስ ይገኛሉ። ቋንቋው እያደገ፣ ጥናቱ እየሰፋ፣ የመምህሩ ወንበር እየጠበበ ነው።

እንግዲህ የሁለት ዓመቱ ፕሬዝዳንት ምን ያድርግ? አንድ ክፍል የመዘጋት ዕቅድ ሲወጣበት ማኅበሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፈራሚው ፕሬዝዳንቱ ነው። ደብዳቤው የሚደርሰው ግን ዕቅዱ ከተበጀ በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ሒሳቡን የሚሠራው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ተማሪ ሲቀንስ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ሳይተካ ሲቀር፣ ክፍሉ ከሌላ ጋር ሲጠቃለል። እነዚህን ምልክቶች የሚያነብ፣ የአበርዲኑን ክርክር ለካርዲፉ የሚያስተላልፍ፣ የትኛው መከራከሪያ ዲኖችን እንዳሳመነና የትኛው እንዳሳቃቸው የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ፕሬዝዳንቱ የመጀመሪያውን ዓመት ሥራውን ሲለምድ፣ ሁለተኛውን ለተተኪው ሲያዘጋጅ ያልፋል። የተማረው ነገር አብሮት ይወጣል።

ችግሩ የዘመኑ ማጠር ብቻ እንዳልሆነ አሜሪካ ታሳያለች። በ1883 የተመሠረተው የአሜሪካ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር ፕሬዝዳንት የሚቀመጠው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ የነበሩት የዬሉ አንሪ ፔር በ1960 ያን ወንበር ይዘው ነበር። ነገር ግን ኒውዮርክ ውስጥ ቋሚ ጽሕፈት ቤት፣ ደመወዝተኛ ሠራተኛ፣ በየዓመቱ የማይቀየር ዋና ዳይሬክተር አለ፤ ሮዝመሪ ፊል ከ2002 እስከ 2017 በዚያ ኃላፊነት ቆይተዋል። ፕሬዝዳንቱ ፊት ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ትዝታ ነው። የብሪታንያው ማኅበር በአንጻሩ የሚተዳደረው የራሳቸውን ክፍል እያስተማሩ፣ የፈተና ወረቀት እያረሙ በትርፍ ሰዓታቸው በሚያገለግሉ ሰዎች ነው። አጭር ዘመን ከረጅም ትዝታ ጋር ሲሄድ ያምራል፤ ብቻውን ግን መርሳትን ደንብ ማድረግ ነው።

የሁሉም ቋንቋዎች የጋራ ምክር ቤት ስላለ እሱ ይከራከር የሚል መልስ አለ። ምክር ቤቱ ሚኒስቴር ዘንድ ስለ ቋንቋ ትምህርት በጥቅሉ ሊናገር ይችላል፤ ለዚያም ያስፈልጋል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ጥያቄው የሚመጣው በስም ነው፤ ፈረንሳይኛ ይቅር ወይስ ጀርመንኛ? የጋራው ምክር ቤት ለአንዱ ወግኖ መሟገት አይችልም፣ አይገባውምም። በዚህ ላይ የፈረንሳይኛው ዓለም ራሱ ተበታትኗል። ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የሚያጠኑት የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ስለ ድኅረ ቅኝ ግዛት ፍራንኮፎን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑትም በ2002 የራሳቸውን አቋቁመዋል። ለጥናቱ መልካም ነው። አንድ ክፍል ሊዘጋ ሲል ግን አምስት ፕሬዝዳንት አምስት ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሚቀጥለው ሰኔ ሲደርስ ከአምስቱ ሁለቱ ተቀይረዋል።

የፕሬዝዳንቱ ዘመን ይረዝም አልልም። ዘመን ማርዘም ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ለሰባት ዓመት የሚቀመጥ ፕሬዝዳንት ጉባኤውን ወደ ራሱ ከተማ መሳቡ አይቀርም። መፍትሔው ማኅበሩ ራሱ በ1947 ካበጀው ነገር ውስጥ ነው። ለመጽሔቱ ረጅም ወንበር ሰጥቶ ለክብሩ አጭር ወንበር እንደሰጠ ሁሉ፣ ለትምህርት ክፍሎች ጥብቅና የሚቆም ሦስተኛ ወንበር ያብጅ፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ዓመት፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ጉባኤው በሚሄድበት ከተማ ሁሉ ከዲኖቹ ጋር አስቀድሞ የሚነጋገር። ደግሞም ክፍሉ ለአደጋ የተጋለጠበት ከተማ ለጉባኤ ሲመረጥ በዕድል ሳይሆን ታስቦበት ይሁን።

የሰዓቱ ጉዳይ ይቀራል። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ጠበቃ ደንበኛውን ያስፈርድበታል፤ ሰዓቱን ከዩኒቨርሲቲው በገንዘብ መግዛት ይጠይቃል። እንደ ብዙዎቹ የብሪታንያ ምሁራን ማኅበራት ሁሉ የዚህም ማኅበር አቅም የተመካው በመጽሔቱ ላይ ነው፤ የመጽሔት ገቢ ደግሞ የሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ከሚከፍሉት ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በታተመበት ዕለት ለማንም በነጻ እንዲከፈት የሚያዝዘው የብሪታንያ ደንብ ከ2022 ሚያዝያ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ለአንባቢ መልካም፣ ለማኅበሩ ካዝና ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚያሳስብ። ወንበሩ የሚበጅ ከሆነ መጽሔቱ ገና ገንዘብ በሚያስገባበት በእነዚህ ዓመታት ነው፤ ሐሳቡንም ለጠቅላላው ስብሰባ የሚያቀርበው ሊወርድ አንድ ዓመት የቀረው ፕሬዝዳንት ቢሆን ይሻላል፣ ለራሱ ነው ብሎ የሚጠረጥረው አይኖርም።