የችግኝ ቁጥር አትንገሩን፤ ወንዙንና አውሬውን መልሱልን



እንደሚታወቀው ምርጫ በመጣ ቁጥር ተወዳዳሪዎች ወደ ሠፈራችን ብቅ ይላሉ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ ዕጦት ይነገራል። ይኸ ይገባል፤ እኛንም የሚያመን እዚያው ላይ ነው። ነገር ግን ስለ ቀበና ወንዝና ስለ እንጦጦ ዛፍ፣ እዚያ ይኖር ስለነበረውም እንስሳ የሚያነሣ ተወዳዳሪ እምብዛም አላጋጠመንም። ቢያነሣም የሚነግረን የችግኝ ቁጥር ነው። ጉዳዩ በማኅበራችን ስብሰባ ብዙ ስላነጋገረን ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ችግኝ መትከልን የምንጠላ አይደለንም። ዶማና አካፋ ይዘው ከወጡት መካከል እኛም ነበርን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ደስ ብሎናል። ግን የተተከለውና የጸደቀው አንድ አይደለም። የክረምት ችግኝ ፈተናው በጋው ነው። በጥርና በየካቲት ማን ውኃ አጠጣው? ፍየሉንስ ማን ከለከለ? ስለዚህ ተወዳዳሪ ሲመጣ የሐምሌውን ቁጥር ሳይሆን የግንቦቱን ይዞ ይምጣልን።

የተተከለውስ ምንድን ነው? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለዚህች ከተማ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ማገዶዋም የቤቷ ማገርም እሱ ነው። እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች እያየን ባሕር ዛፍ ይጥፋ ብንል ግፍ ይሆንብናል። ሆኖም ከሥሩ ሌላ ነገር እምብዛም አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልም ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚሄድ ዝናቡ ባዶ መሬት ላይ ያርፋል። ውኃው መስረጉን ትቶ አፈሩን ይዞ ወደ እኛ ይወርዳል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት ሲመለሱ ግን ከሥራቸው ቁጥቋጦው ይመጣል፣ ወፉ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ይበትናል፣ ጉሬዛውና ድኩላውም መጠጊያ ያገኛል። በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በባሕር ዛፍ ቦታ አገር በቀል ዛፍ እየተተካ ነው። እዚያ የሆነው ሌላ ቦታ የማይሆንበት ምክንያት አልታየንም።

ወደ ወንዛችን እንምጣ። ቀበና ከእንጦጦ ተነሥቶ በሠፈራችን አልፎ ወደ ታላቁ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። ትልልቆቻችን ልብስ ያጠቡበት፣ ልጆች ሆነው የዋኙበት ውኃ ነበር። ዛሬ ድልድዩን የምንሻገረው አፍንጫችንን ይዘን ነው። በ2011 ዓ.ም. በሁለት ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር የማልማት ዕቅድ ይፋ ሆኖ በአንዳንድ ቦታ መናፈሻና የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ ማየቱም ደስ ይላል። ዳሩ ተውቦ መካከሉ ቢገማ ግን ምን ይጠቅማል? ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚለቀቀው ፍሳሽ ካልተጣራ ወንዙ ውስጥ እንቁራሪት እንኳ አይኖርም። ደግሞም ቆሻሻው ሄዶ የሚቀር አይደለም፤ በአቃቂ ውኃ የለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ጉሊታችን ይመጣል። ተመራማሪዎች በውኃውም በአትክልቱም ውስጥ እርሳስንና ክሮሚየምን የመሳሰሉ ብረቶች አግኝተዋል። እንግዲህ የወንዝ ነገር ቅንጦት ነው ለሚሉን፣ ኧረ የምሳችን ጉዳይ ነው እንላቸዋለን።

ስለ አውሬ ስናነሣ የሚስቁብንም አሉ። «ሰው ሳይበላ ለጥንብ አንሳ ታስባላችሁ ወይ?» ያሉን አንድ አባላችን ናቸው። አዎን እናስባለን። ጥንብ አንሳ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በልቶ አይታመምም፤ የሆዱ አሲድ በሽታውን ይገድለዋል። በሕንድ አገር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዲክሎፌናክ፣ እኛ ለወገብ የምንውጠው ማለት ነው፣ ለከብት ይሰጥ ስለነበር የሞተውን ከብት የበሉ ጥንብ አንሳዎች አለቁ። ጥንቡን የሚያነሣ ሲጠፋ ውሻው በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም ጨመረ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የተከለከለው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያኔ ግን የተረፈው ጥቂት ነበር። እኛም አገር ለውሻ ተብሎ የሚጣለው መርዝ ውሻውን ገድሎ አያበቃም፤ ሬሳውን የበላው ጥንብ አንሳና ጅብም ይከተላል። የቆሻሻ መኪና በማይገባበት መንደር ያለ ደመወዝ የሚያጸዱልን እነዚህ ናቸው፤ አበልም ጠይቀው አያውቁም።

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደሩት ደግሞ ከሠፈራችን አልፈው ያስቡ። የኳስ ቡድናችንን «ዋልያዎቹ» ብለን እንጨፍራለን፤ ዋልያው ራሱ ግን ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ብዙ ተለፍቶበት በ2009 ዓ.ም. ወጣ። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ግን የዋልያው ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሏል። የጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝና ጫማ፣ ግጦሹን ለሚተው ገበሬም የሚሰጠው ምትክ በበጀት የሚወሰን ነው፤ በጀት የሚያጸድቁት ደግሞ እነሱ ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለሆነም ችሮታ አንለምንም።

ተወዳዳሪዎች ወደ አዳራሹ ሲመጡ የሚጠየቁትን አዘጋጅተናል። ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ? አገር በቀሉስ ምን ያህል ነው? ፍሳሹ ወደ ቀበና መግባቱን የሚያቆመው መቼ፣ በምን ገንዘብ ነው? ውሻን በመርዝ መግደል ቀርቶ ክትባት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? የየአንዳንዱን መልስ ከነስሙ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ወረቀቱም ከምርጫው በኋላ አይነሣም። ጥያቄ መጨመር የሚፈልግ ነዋሪ እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ በጽሑፍ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ።