ስለ መካከለኞቹ ኩባንያዎች አክሲዮንና ስለ ጀማሪው ባለገንዘብ

በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን አንድ ጥያቄ ጽፎልኛል። ልጁ ሥራ ከያዘ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። የተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ከደመወዙ ለጡረታ የሚቀነሰው ገንዘብ በምን ላይ እንዲውል ምረጥ ሲል የብዙ ፈንዶች ስም የተዘረዘረበት ወረቀት ሰጥቶታል። «ጋሼ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ሚድካፕ ኢንዴክስ የሚል አየሁ። ጓደኞቼ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ዋጋ ከልክ ስላለፈ ከእንግዲህ የሚያዋጣው ይኸኛው ነው ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ይላል። ለርሱ ብቻ መልሼ ዝም ማለት ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን እዚህም በተማሪዎችና በወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ ይኸው ወሬ በየስልኩ ሲዘዋወር ስለማይ፣ ጉዳዩን በዚህ ገጽ መመርመሩ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። የውጭውን ታሪክ ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።

አስቀድሞ የቃሉን ፍች እንመልከት። አንድ ኩባንያ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ቢኖሩትና እያንዳንዱ አክሲዮን በገበያ 100 ዶላር ቢያወጣ የኩባንያው የገበያ ዋጋ 10 ቢሊዮን ዶላር ነው ይባላል። ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ የሚባለውም በዚሁ ሒሳብ ነው እንጂ በሠራተኛው ብዛት ወይም በፋብሪካው ስፋት አይደለም። ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ በሚለው ስም የታወቀው ድርጅት በ1957 የ500 ትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ በአንድነት የሚያሳይ ሰሌዳ አወጣ። በ1991 ደግሞ ከነርሱ ቀጥለው ላሉት 400 መካከለኛ ኩባንያዎች ሌላ ሰሌዳ ጨመረ። በ2025 አጋማሽ በወጣው ደንብ ወደዚህ ሰሌዳ የሚገባው የገበያ ዋጋው ከ8 እስከ 22 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሆነ ኩባንያ ነው። ስሙ መካከለኛ ይባል እንጂ በእኛ ዓይን ግዙፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ትርፍ የሌለውም ኩባንያ በሰሌዳው ለመግባት አይታጭም።

ኢንዴክስ ፈንድ ማለት እንግዲህ ብዙ ሰዎች ያዋጡትን ገንዘብ ሰብስቦ በእንዲህ ያለው ሰሌዳ ላይ የተጻፉትን ኩባንያዎች ሁሉ እንደየዋጋቸው መጠን የሚገዛ ማኅበር ነው። ለእኛ ሰው ዕቁብን በምሳሌ ማቅረብ ይቀላል። ልዩነቱ በዕቁብ ዕጣ የወጣለት የሰበሰበውን ሁሉ ይወስዳል፤ በፈንዱ ግን ዕጣ የለም፣ እያንዳንዱ እንዳዋጣው መጠን የአራት መቶውም ኩባንያ ባለድርሻ ይሆናል፣ ጉዳቱም ትርፉም እኩል ይደርሰዋል። ይህን አሠራር ለተራው ሰው ያቀረበው ጆን ቦግል የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1975 ቫንጋርድ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመት የ500ዎቹን ሰሌዳ የሚከተል ፈንድ ለሕዝብ አቀረበ። 150 ሚሊዮን ዶላር ይሰበሰባል ተብሎ ታስቦ የተገኘው 11 ሚሊዮን ያህል ብቻ ስለሆነ የኒውዮርክ ባለገንዘቦች «የቦግል ቂልነት» እያሉ አሾፉበት። ዐዋቂ ቀጥሮ የተሻለውን አክሲዮን ማስመረጥ ሲቻል ሁሉንም በጅምላ መግዛት ስንፍና መስሎ ታያቸው። ቦግል በ2019 ሲሞት ግን የሳቁበት አሠራር በትሪሊዮን የሚቈጠር ዶላር ይዞ ነበር።

ለዚህ ያበቃው ምሥጢር ከሁሉ ይልቅ የአገልግሎት ዋጋው ማነስ ነው። አንድ ሰው 10,000 ዶላር አስቀምጦ ገበያው በየዓመቱ ከመቶ 7 ቢያድግለት፣ አስተዳዳሪው ከመቶ 1 ዶላር ቢወስድበት ከ30 ዓመት በኋላ 57,400 ዶላር ገደማ ያገኛል። አስተዳዳሪው ከመቶ 5 ሳንቲም ብቻ ቢወስድ ግን ገንዘቡ 75,000 ዶላር ይደርሳል። ይህ ለማስረዳት ያህል የቀረበ ሒሳብ ነው እንጂ ገበያ በየዓመቱ 7 ይሰጣል የሚል ውል ማንም አልፈረመም። ነገር ግን አሥራ ሰባት ሺሕ ዶላር የሚሆነው ልዩነት የወጣው ከምንም ሳይሆን ከዚያች «ከመቶ አንድ» ከምትባለው ነው። የመካከለኞቹን ሰሌዳ ከሚከተሉት ፈንዶች መካከል ከመቶ 5 ሳንቲም ብቻ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ያንኑ ሰሌዳ ተከትለው አራትና አምስት እጥፍ የሚያስከፍሉም አሉ። ስለዚህ የእህቴን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ኩባንያዎቹ ሳይሆን በወረቀቱ ጥግ በደቃቅ ፊደል ስለተጻፈው ክፍያ ነበር። እርሱ ግን አላየውም ነበር።

አሁን ወደ ጓደኞቹ ክርክር እንመለስ። ክርክራቸው መሠረት የለውም አልልም። በ2025 ከ500ዎቹ ትልልቆች ውስጥ አሥሩ ብቻ ከጠቅላላው ዋጋ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይዘው ነበር፤ ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ብቻውን በሐምሌ ወር 4 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል። አምስት መቶ ገዛሁ ያለ ሰው ከገንዘቡ ብዙው በጥቂት የኮምፒዩተር ኩባንያዎች እጅ መግባቱን ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በመካከለኞቹ ሰሌዳ ግን ይህን ያህል የገነነ አንድም ኩባንያ የለም። ታሪኩም ይመሰክራል፤ ከ2000 እስከ 2009 በነበሩት አሥር ዓመታት 500ዎቹ የትርፍ ድርሻቸው ተደምሮ እንኳ ባለገንዘቡን ሲያከስሩ፣ 400ዎቹ መካከለኞች ከግማሽ በላይ አትርፈዋል።

ነገር ግን ያንኑ ታሪክ ጥቂት ወደፊት ብንገልጠው ነገሩ ይገለበጣል። ከ2010 በኋላ ባሉት አሥራ አምስት ዓመታት ትልልቆቹ መካከለኞቹን ጥለዋቸው ሄደዋል። ስለዚህ ጓደኞቹ ከ2000ው ዘመን ብቻ ጠቅሰው ሲያስረዱት ምስክሩን መርጠው ያቀረቡ ጠበቃ ሆነዋል ማለት ነው።

ሌላም ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። መካከለኛው ሰሌዳ ልጅ አሳድጎ ለሌላ ቤት እንደሚሰጥ ቤተሰብ ነው። ኩባንያው ሲያድግ ወደ 500ዎቹ ይዛወራል፤ ፈንዱም እንደ ሕጉ ይሸጠዋል። በመጋቢት 2024 ጫማ ሻጩ ዴከርስና የኮምፒዩተር ሠሪው ሱፐር ማይክሮ እንዲሁ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ዕድገት ለሌላው ሰሌዳ ነው። ይህ ለክፉም ለደግም ይሆናል፤ ሱፐር ማይክሮ በዚያው ዓመት ውስጥ ዋጋው ክፉኛ ወድቋልና ሸኚዎቹ አላዘኑም። ቴስላ ደግሞ በመካከለኛው ደጅ ሳያልፍ በታኅሣሥ 2020 በቀጥታ ከትልልቆቹ ጋር ተቀመጠ። ስለዚህ «የነገውን ታላቅ ዛሬ በመካከለኛነቱ ልያዝ» የሚለው ዘዴ ሁልጊዜ አይሠራም።

ጀማሪው ከሁሉ ይልቅ ማሰብ ያለበት ስለ ውድቀቱ ቀን ነው። ከ2007 እስከ መጋቢት 2009 መካከለኞቹ ከዋጋቸው ከግማሽ በላይ አጥተዋል፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ወደቁ። ሁለቱንም ጊዜ ተመልሰዋል። ነገር ግን 1,000 ዶላሩ 500 ሲሆን ያየ ሰው፣ ወደ ቀድሞው ለመድረስ ከመቶ 50 ሳይሆን ከመቶ 100 ማደግ እንዳለበት ያን ጊዜ ይገባዋል። የቤት ኪራይ መክፈያውን በዚህ ላይ ያዋለ ሰው የግድ በውድቀቱ ቀን ይሸጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ለእህቴ ልጅ የመለስኩለት እንግዲህ ይህ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለጡረታው አንተ ስታዋጣ እኔም እጨምራለሁ የሚል ከሆነ ያንን ጭማሪ እስከ ጫፉ ይውሰድ። የክሬዲት ካርድ ዕዳውን አስቀድሞ ይክፈል፤ ከመቶ 20 ወለድ እየከፈሉ ከመቶ 7 ተስፋ ማድረግ ሒሳብ አይደለም። ከጡረታው ሒሳብ ዕድሜው 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ ቢያወጣ በአብዛኛው ከግብሩ ሌላ ከመቶ 10 ቅጣት እንዳለበት ይወቅ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካን ገበያ በጠቅላላ የሚገዛውን ፈንድ መሠረት ያድርግ፤ በዚያ ውስጥ መካከለኞቹም ስላሉ ሳያውቀው ገዝቷቸዋል። ከዚህ በላይ ጥቂት ልጨምር ካለ ይጨምር፣ እኔ አልከለክለውም፤ ገንዘቡን ሁሉ በመካከለኞቹ ላይ ማዋሉ ግን ለጀማሪ አይመስለኝም።

እዚህ አገር ደመወዙን በብር ለሚቀበለው ወጣት ግን መልሱ ሌላ ነው። የውጭ ምንዛሪ ደንባችን ሁሉም ሰው ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ ኒውዮርክ ላይ አክሲዮን እንዲገዛ የተከፈተ በር አይደለም። በየስልኩ «ብርህን በዚህ ቁጥር ላክልኝ፣ የአሜሪካን ኢንዴክስ ልግዛልህ፣ በወር ከመቶ 20 እሰጥሃለሁ» የሚሉ ሰዎች የሚነግዱት በዚሁ የተዘጋ በር ላይ ነው። ከላይ እንዳየነው እውነተኛው ፈንድ በዓመት እንኳ ይህን ያህል ልስጥ ብሎ ቃል አይገባም። አንድ ባልደረባዬ ለዕቁቡ የያዘውን ገንዘብ እንዲህ ላለው ሰው ልኮ የመጀመሪያውን ወር «ትርፍ» ተቀብሏል፤ ሁለተኛውን ወር ስልኩ አልተነሣም።

በአገር ውስጥ የተጀመረው ነገር ግን አለ። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ነበር፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ኩባንያዎቹ ሲወረሱ ቀረ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም በመጀመሪያ ተመዘገበ። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ኢትዮ ቴሌኮም እያንዳንዱን በ300 ብር ሒሳብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ አቅርቦ የተሸጠለት 10.7 ሚሊዮን ያህል ነበር። ኢንዴክስ ፈንድ እንዲቋቋም ብዙ ኩባንያዎች ሒሳባቸውን ለሕዝብ ገልጠው በሰሌዳው ላይ መሰለፍ አለባቸው፤ በጥቂት ባንኮች ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። እስከዚያው አክሲዮን ልግዛ የሚል ወጣት ሠራተኛ የአንዱን ኩባንያ የሒሳብ መግለጫ ራሱ ገልጦ፣ የሦስት ዓመት ትርፉንና ዕዳውን አስተያይቶ መግዛት ይኖርበታል።

የእህቴ ልጅ ትናንት መልስ ጽፎልኛል። የፈንዱን ክፍያ ፈልጎ አገኘው፤ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ያለው ሚድካፕ ከመቶ 68 ሳንቲም የሚያስከፍል ኖሯል።