እግራችን ቸኩሎ ዓይናችን ቀረ!

«ከአዲስ አበባ ማርቆስ በአራት ሰዓት ከሩብ ገባሁ!»

ይህችን ፉከራ በደብረ ማርቆስ ቡና ቤቶች ሰምቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ፎካሪው የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ማኪያቶውን ያዛል፤ ከዚያ ዓባይ በረሃን እንዴት እንደወረደው፣ ስንት መኪና እንደቀደመ፣ የትኛው ጥምዝ ላይ «ጎማዋ እንደጮኸችለት» ይተርካል። አድማጩም «አይ ወንድ!» ይላል። ልብ በሉ አንባቢያን፤ ጎማ የሚጮኸው ሲጨንቀው እንጂ ሲያደንቅ አይደለም!

እኔም ከነዚህ ፎካሪዎች አንዱ ነበርኩ፤ ምን ይደበቃል? አሮጌ ዲኤክስ ቶዮታ አለችኝ። በዕድሜ ከብዙዎቹ ሹሞቻችን ትበልጣለች፤ በሥራም ሳትሻል አትቀርም። በእሷ ዓባይን የወረድኩበትን ሰዓት እንደ ማዕረግ እቆጥረው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. አብሮ አደጌ ከደጀን በታች ቀረ። ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፤ እናቱ ዛሬም አሉ፤ ጋዜጣም ያነባሉ። የሰው መኪና ተሳፍሮ ነበር፤ ሹፌሩ ቸኩሎ ነበር፤ በቃ። ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሁሉም «ምን ያህል ቢፈጥን ነው?» እያለ ይጠይቃል። «ለመሆኑ ምን ያህል ያውቅ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለዚያ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ጀሪካን ያስተማረን ትምህርት

ከዚያ በኋላ አንድ አሜሪካ የኖረ ዘመዴ ለእረፍት መጥቶ ስለ «አውቶክሮስ» አጫወተን። ነገሩ ቀላል ነው። ሰፊና ባዶ ሜዳ ይፈለጋል። በሜዳው ላይ የፕላስቲክ ኮኖች ተደርድረው ጥምዝምዝ መንገድ ይሠራል። መኪኖች ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም፤ አንድ መኪና ብቻዋን ገብታ ትወጣለች፤ ሰዓት ይያዝላታል። ኮን የነካ በእያንዳንዱ ኮን 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። መንገዱን የሳተ ጭራሹን ሰዓቱ አይቆጠርለትም። ለዚህ የሚመጣው ሰው የፋብሪካ ሯጭ አይደለም፤ ሰኞ በምትመላለስበት መኪና እሑድ የሚሞክር ተራ ሰው ነው። የአሜሪካው ስፖርት መኪና ክለብ ብሔራዊ ሻምፒዮናውን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚያካሂደው በነብራስካ ክፍለ ግዛት፣ ሊንከን ከተማ፣ በድሮ የጦር አውሮፕላኖች ማረፊያ ሜዳ ላይ ነው።

እኛ ደግሞ ኮን የለንም፤ ጀሪካን ግን ሞልቶናል! ሠላሳ ያህል ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሰብስበን፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ግማሽ ድረስ አሸዋ ሞልተን፣ ከከተማ ወጣ ብለን አንድ ደረቅ ሜዳ ላይ ደረደርናቸው። የመንገዱ ርዝመት 600 ሜትር ያህል ነበር። ሰዓት ያዡ ሞባይል ስልክ ነው። ዳኛው የጎሚስታ ልጅ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ሞተሩን አስጮህኩ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፤ አቧራው ሜዳውን ሞላው። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። በራሴ ግምት ያገሩ ጀግና ሆኜ ወጣሁ። ውጤቱ ሲነገር 74 ሰከንድ፤ ሦስት ጀሪካን ስለመታሁ 6 ተጨምሮበት 80!

ቀጥሎ አንዲት መምህርት ገቡ። በዕድሜ ስለሚበልጡን እትዬ ነው የምንላቸው። የያዟት ቪትዝ ናት፤ ሞተሯ ከእኔዋ በጣም ያንሳል። ጩኸት የለ፣ አቧራ የለ። ገበያ ደርሰው የሚመለሱ ነበር የሚመስሉት። 66 ሰከንድ! አንድም ጀሪካን አልተነካም።

«እትዬ፣ እንዴት አድርገው ነው?» አልኳቸው አፍሬ።

«አንተ ስትነዳ ዓይንህን የት ነው የምትተክለው?»

«ጀሪካኑ ላይ ነዋ!»

«እንግዲያማ እሱኑ ነዋ የምትመታው! እኔ ያለፍኩትን ትቼዋለሁ፤ የማየው ቀጥሎ ያለውን፣ ከቻልኩም ከቀጥሎ ቀጥሎ ያለውን ነው።»

ጎበዝ፣ እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ሹፌርነቴ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም! መንጃ ፈቃድ የሰጠኝም አልነገረኝ፤ ቡና ቤት «አይ ወንድ» ያለኝም አልነገረኝ። እጅ ዓይንን ይከተላል፤ መኪና እጅን ይከተላል። ገደል ገደሉን ያየ ወደ ገደል ይሄዳል። መውጫውን ያየ ይወጣል።

ጎማ አንድ እንጀራ ነው

በሚቀጥሉት ወራት በየእሑዱ ሁለትና ሦስት ሰዓት እዚያ ሜዳ ላይ ዋልን። የተማርኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ነፃ ነው፤ ቴምብር አይለጠፍበትም።

አንደኛ፣ ከመንዳት በፊት በእግር መሄድ ነው። መንገዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በእግሬ ዞርኩት። የት እንደሚጠብ፣ የት አሸዋ እንዳለ፣ የት ፍሬን መያዝ እንዳለብኝ በቃሌ ያዝኩ። በዚህ ብቻ 4 ሰከንድ ቀነስኩ፤ እግሬ ቤንዚኑን አንዲት ጠብታ ሳይጨምር!

ሁለተኛ፣ የጎማ አቅም አንድ እንጀራ ነው። ፍሬን ሲያዝ ይበላለታል፤ መሪ ሲጠመዘዝ ይበላለታል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ይበላለታል። ሁሉንም ባንዴ ከጠየቅከው እንጀራው ያልቃል፤ መኪናው መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ ፍሬን ቀጥታው ላይ ይያዛል፤ ጥምዙ ውስጥ ሲገባ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፤ መውጫው ሲታይ ነዳጅ ይሰጣል። «ዝግ ብሎ መግባት፣ ፈጥኖ መውጣት» ይሉታል ባለሙያዎቹ። እኔ ግን ፈጥኜ ገብቼ፣ መሀል ላይ ደንግጬ፣ ተንቀርፍፌ እወጣ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ አይደለም?

ሦስተኛ፣ የጎማ ነፋስ። አራቱም ጎማዎቼ የተለያየ ነፋስ ይዘው ኖረዋል! ጎሚስታው በመለኪያ አስተካከለልኝ፤ መኪናዋ ወደ ግራ መሳቧን አቆመች። የዋጋውን ነገር ተዉት፤ ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል።

አራተኛ፣ የአገራችንን አየር ማወቅ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ፍሬንና ገደል ግን ምንም አያጡም! በጉልበት ልናመጣው የማንችለውን ሰዓት በእጅ ልስላሴ ነው የምናመጣው።

ይኼን ልስላሴ የዓለም ትላልቆቹም ይመሰክሩለታል። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ1971 እና በ1973 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ዝናው መኪናን ሳያስጨንቅ በመንዳቱ ነው። ይኸው ሰው በ1966 ቤልጅግ ውስጥ ስፓ ላይ ተጋጭቶ፣ ቤንዚን እየፈሰሰበት መኪናው ውስጥ ተቀርቅሮ ከቆየ በኋላ፣ ዕድሜውን ለሯጮች ደኅንነት ሲሟገት አሳልፏል። ፍጥነትን ከሁሉ በላይ ያወቀው ሰው ከሁሉ በላይ የተጠነቀቀው ሆነ! የኛ ፎካሪዎች ምን ይሉ ይሆን?

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የአዊ ፈረሰኞችን ጉግስ ያየ ያውቀዋል። ፈረስን ማስጋለብ ማንም ያስጋልባል፤ ሰው የሚያደንቀው የሚያዞረውን ነው። ልጓም የሚጎትት ፈረሱን አፉን ያቆስለዋል እንጂ አያዞረውም።

በአምስተኛው ወር 61 ሰከንድ ገባሁ። ጀሪካን አልነካሁም። እትዬ በዚያኑ ቀን 59 ገቡ። ይሁን! እኔ የተሸነፍኩት በትልቅ ሰው ነው።

ከሜዳው ወደ ዓባይ በረሃ

እንግዲህ «ለጨዋታችሁ ጋዜጣ አታጣብብብን» የሚል አንባቢ ይኖራል። ታገሡኝ፤ ወደ ገደሉ እየወረድኩ ነው።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ በ80 ደግሞ 22 ሜትር። ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ግን እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው! ይህን ሜዳው ላይ በገዛ ዓይኔ አየሁት፤ ባቆምኩበትና ልቆም ባሰብኩበት መሀል ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካሁት። ከዚያ ወዲህ ጥምዝ ላይ የሚቀድም ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል።

አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ሜዳችን መጥተው ሲያዩን ዋሉና እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ጥሩ ጨዋታ ነው። እኛ ግን ዓባይን የወረድነው በወጣንበት ማርሽ ነው። ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር፣ ፍሬን በጠሰብኝ ይላል። ፍሬኑ አልበጠሰም፤ እሱ ነው አቃጥሎ የጨረሰው።» ይህን ቃል በትልቁ ጽፎ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የሚተክል መሥሪያ ቤት ምነው ጠፋ?

ሒሳቡንም እንሥራው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ በ60 የሄደ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በ65 የሄደ 4 ሰዓት ከ37 ደቂቃ። ለ23 ደቂቃ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥምዝ ላይ መቅደም፣ ይህ ሁሉ ለቅሶ! በ23 ደቂቃ ውስጥ ምን የሚሠራ ነገር አለ? ማኪያቶ ጠጥቶ መፎከር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያሉትን ሕፃናትና ወጣቶች በመግደል ቀዳሚው ወባ አይደለም፣ ጥይትም አይደለም፤ መንገድ ነው። ጓደኛዬ 28 ዓመቱ ነበር።

«ማመልከቻችሁ እየታየ ነው»

ታዲያ ይህን ትምህርት ለከተማው ወጣት እናዳርስ ብለን ማመልከቻ ጻፍን። የጠየቅነው ገንዘብ አይደለም። በወር አንድ እሑድ አጥር ያለው ሜዳ፣ አንድ ትራፊክ ፖሊስ፣ አንድ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪ። በቃ! አንደኛው ቢሮ ወደ ሁለተኛው ላከን። ሁለተኛው «ይህ ስፖርት ነው ወይስ ትራንስፖርት?» ብሎ ወደ ሦስተኛው መራን። ሦስተኛው ዘንድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ብንጠይቅ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? ስለ ትራፊክ አደጋ!

በመጨረሻ አንድ ባለሥልጣን አገኘን። «ወጣቱን እሽቅድምድም ልታስተምሩልን ነው?» አሉን።

ጌታዬ፣ ወጣቱ እሽቅድምድሙን ተምሮታል! የሚሽቀዳደመው ግን ተማሪዎች በሚያቋርጡበት አስፋልት ላይ ነው። እኛ ያልነው ከዚያ አውጡትና ጀሪካን ይምታ ነው። ጀሪካን እናት የለውም።

የባዕድ ነገር ነው ለሚሉንም መልስ አለን። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ» የሚባል የመኪና ውድድር በዚህችው አገር ይካሄድ ነበር። አዲስ አበባም የሞተር ስፖርት ማኅበር አላት። ቤንዚን ያባክናል ለሚሉን ደግሞ፣ የአንድ ሰው አንድ ዙር 600 ሜትር ናት፤ ለፉከራ ከተማ ውስጥ የሚዞረው ሰው በአንድ ምሽት ከዚያ ብዙ እጥፍ ያቃጥላል።

የመንጃ ፈቃዱን ነገርማ ባናነሳው ይሻል ነበር። ግን እናነሳዋለን። እንደ ጨው ከሱቅ ተገዛ የሚባል መንጃ ፈቃድ ስንት ነው? ፈተናውንስ በላቡ ያለፈው ቢሆን፣ ድንገት ፍሬን መያዝን ሞክሮ ያውቃል? ሲንሸራተት መሪውን ወዴት እንደሚያዞር አይቶ ያውቃል? ሁለት እንጨት መሀል አቁሞ የወጣን ልጅ ሥልሳ ሰው አስጭነን ዓባይ በረሃ እንልከዋለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉን አባቶቻችን ምን ይሉን?

የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። መንጃ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ሠልጣኝ ባዶ ሜዳ ላይ፣ በሃያና በሠላሳ ጀሪካን መሀል፣ የመኪናውን ልክ ይወቅ። ይምታ፣ ይንሸራተት፣ ይፈር። እፍረት ሜዳ ላይ ርካሽ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በክልላችን የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ የእሑዱ ሜዳችንም ቀረ። ጀሪካኖቹ ግቢዬ ጥግ ተደርድረዋል፤ አሸዋቸው እንዳለ ነው። ከሁሉ በፊት ሰላም! ሰላም ሲወርድ ግን መንገዱ ባንዴ ይከፈታል፤ ሁሉም ባንዴ ይቸኩላል። ያኔ ለቅሶ ከምንቀመጥ ከወዲሁ እናስብበት።

ለፎካሪው ወንድሜ አንዲት ጥያቄ ትቼለት ልሰናበት። ማኪያቶህን ጠጣ፤ ቁልፍህንም ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርግ። ግን በአራት ሰዓት ከሩብ የገባህ ቀን፣ ጥምዙ ላይ ዓይንህ የት ነበር?

ቸር ያግባን!